የጋዜጣ ፖለቲካ ካርቱኒስት መሆን፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ ካርቱን የሚሞክሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጠናል፤ የውጭ አገር ታሪክ ሲነሳ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የፖለቲካ ካርቱን ስንል ምን ማለታችን ነው? ከካሪኬቸርስ በምን ይለያል?

ካሪኬቸር የአንድን ሰው መልክ አጋንኖ መሳል ነው። የፖለቲካ ካርቱን ግን ስለ አንድ ሕዝባዊ ጉዳይ በአንድ ክፈፍ ውስጥ የሚሰጥ አስተያየት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከርዕሰ አንቀጹ አጠገብ ይቀመጣል። መልክ አሳምሮ የሚያጋንን ሁሉ ካርቱኒስት አይባልም። አቋም የሌለው ሥዕል የቱንም ያህል ቢያምር ጌጥ ነው። እጃቸው መካከለኛ ሆኖ ሐሳባቸው የሰላ ሰዎች በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ የተገላቢጦሹ ግን ብዙም አይታይም።

ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛው «ካርቶኔ» ነው፤ ሠዓሊዎች የግድግዳ ሥዕል ረቂቅ የሚሠሩበት ወፍራም ወረቀት ማለት ነው። የለንደኑ «ፐንች» መጽሔት በ1843 ለፓርላማው አዲስ ሕንፃ የቀረቡትን ረቂቆች ለመሸንቆጥ የራሱን ሥዕል «ካርቱን» ብሎ አወጣው፤ ቃሉ የዛሬ ትርጉሙን የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። ሥራው ግን ስሙን ይቀድመዋል። ፈረንሳዊው ኦኖሬ ዶሚዬ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የሕዝብ ግብር የሚውጥ ሆዳም አድርጎ ስሎ እስር ቤት የገባው በ1832 ነበር።

የሥዕል ትምህርት ቤት መግባት ግድ ነው?

ግድ አይደለም፤ ይጠቅማል ግን። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የሰውነት አካላትን አሳሳል፣ የቦታ አደላደልንና የሕትመት ሥነ ጥበብን በሥርዓት ያስተምራል። ዜና ማንበብን፣ በጀት መረዳትን፣ አንድ ደንብ ሲወጣ ማን እንደሚጎዳና ማን እንደሚጠቀም ማየትን ግን የትኛውም የሥዕል ክፍል አያስተምርም። ካርቱኒስት ከቀኑ ግማሹን የሚያሳልፈው በማንበብና በማዳመጥ ነው።

ደሴ ያለ ሰው ነጻ ትምህርት ቤት በደጁ አለው። በገበያ ቀን ሰኞ ገበያ ይውጡ፤ የኪስ ደብተር ይያዙና ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ ሳይሰጡ ሃያ ሰው ይሳሉ። ፊት አይሳሉ፤ አቋቋም፣ አሸካከም፣ ዋጋ ሲከራከሩ እጅ የሚሄድበትን ይሳሉ። ጋቢ የለበሰ ሰው ትከሻው አይታይም። መቆጣቱም መድከሙም የሚታወቀው ከጋቢው እጥፋት ነው፤ ይህን ከፎቶግራፍ የለመደ እጅ ሰዉን እንደ ከረጢት ያቆመዋል። የሚስሉት ሰው ካየዎት ደብተሩን ያሳዩት እንጂ አይደብቁ። ተደብቆ የሚስል ሰው ጥርጣሬ ያመጣል፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ጥርጣሬ ቀላል ነገር አይደለም።

አዲስ አበባ ሳልገባ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኜ ለጋዜጣ መሥራት እችላለሁ?

ይችላሉ። ሥዕሉ የሚላከው በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ስለሆነ ከአዲስ አበባ የሚለየን 400 ኪሎ ሜትር ችግር አይሆንም። ችግሩ ሰዓት ነው። አዲስ ዘመን ዕለታዊ ነው፤ ሪፖርተር እሁድና ረቡዕ፣ አዲስ አድማስ ቅዳሜ ይወጣሉ፤ ዝግጅቱ ባሕር ዳር የሆነው በኩር ሳምንታዊ ነው። ማንንም ከማነጋገርዎ በፊት የሚያመለክቱበት ጋዜጣ ገጹ በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይወቁ። የሚወጣበትን ቀን ብቻ ማወቅ ዋጋ የለውም። ገጹ ቅዳሜ ከሰዓት የሚዘጋ ከሆነ ሥዕሉ አርብ ማታ ተልኮ ማደር አለበት፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ቅዳሜ ጠዋት ቢጠፋ ሰበብ የሚሰማ የለም።

ሁልጊዜ ሁለት ሥዕል ይኑርዎት። አንዱ ለሳምንቱ ትኩስ ጉዳይ፣ ሌላው ለሚያድር ጉዳይ፤ የቤት ኪራይ፣ የሥራ አጥነት፣ የጉዳይ ማስፈጸሚያ ወረፋ የመሰለ። ትኩሱ ጉዳይ አርብ ማታ መልኩን ከቀየረ የሚያድረው ይወጣል። ክፍለ አገር መኖር ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው። ዋና ከተማ ያለ ካርቱኒስት መግለጫውን ይሰማል፤ እርስዎ መግለጫው ወርዶ ቀበሌ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያያሉ።

ለመጀመር ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ኤችቢ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ጫፋቸው 0.3፣ 0.5 እና 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሦስት ጥቁር እስክሪብቶዎች፣ ለጥቁር መሙያ አንድ ቀጭን ብሩሽና ውሃ የማይፈታው ጥቁር ቀለም። ወረቀቱ ከ160 ግራም በላይ፣ ፊቱ ልስልስ ያለ ይሁን። ተራው 80 ግራም የኮፒ ወረቀት ለንድፍ እንጂ ለመጨረሻው ሥራ አይሆንም፤ ቀለሙ ወደ ጎን ይሰርግና መስመሩ ፀጉር ያበቅላል።

በደሴ ክረምት ጉሙ ሲሰነብት ወፍራሙ ወረቀትም እርጥበት ስቦ ያንኑ ያደርጋል፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ከግድግዳ ርቆ ማስቀመጥ ይበቃል። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ስለሆነች ችግሩ ሌላ ነው፤ በብረት ብዕር የሚሠራ ሰው ቀለሙ ጫፉ ላይ እየደረቀ ያስቸግረዋል። እርጥብ ጨርቅ አጠገብ አስቀምጦ በየጥቂት ደቂቃው መጥረግ ነው። ታብሌት ያለው በታብሌት ቢሠራ ነውር የለውም፤ ጋዜጣው የሚያየው የተላከለትን ፋይል ነው።

አንድ ካርቱን ከሐሳብ እስከ ፋይል እንዴት ይሠራል? ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የለመደ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ማሰቢያ ነው። በምሳሌ እንሂድ። ጉዳዩ የውሃ ፈረቃ ነው እንበል። መጀመሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚሉትን ይጻፉ፦ «ሪፖርቱ የሚያወራው ውሃና ሰዉ የሚጠጣው ውሃ አንድ አይደሉም።» ይህ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ ሥዕል አይጀመርም። ዓረፍተ ነገሩ «የውሃ ችግር አለ» ብቻ ከሆነ ገና ሐሳብ የለዎትም፤ ይህንማ ሁሉም ሰው ያውቃል።

ቀጥሎ ክብሪት ሳጥን በሚያህሉ ትናንሽ ክፈፎች አሥር ንድፍ ያውጡ። የመጀመሪያው የሸረሪት ድር ያደራበት ቧንቧ ይሆናል፤ ይጣሉት፣ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ እሱ ነው። ሁለተኛው የጀሪካን ሰልፍ ነው፤ እውነት ነው፣ ግን ፎቶግራፍ ይበልጠዋል። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ላይ አንድ ኃላፊ ከመድረክ ሆነው ስለ ከተማው የውሃ ሽፋን ሪፖርት ያነባሉ፤ ጉሮሯቸውን የሚያርሱት ግን ጠረጴዛው ላይ ከተደረደረው የታሸገ ውሃ ነው። አዳራሹ ውስጥ የፊተኛው ረድፍ ያጨበጭባል፤ የኋለኛው ረድፍ ጀሪካኑን ጉልበቱ ላይ ይዟል። ምንም ጽሑፍ አያሻውም። ዓይን መጀመሪያ ኃላፊው ላይ፣ ከዚያ የታሸገው ውሃ ላይ፣ መጨረሻ ጀሪካኑ ላይ እንዲያርፍ ኃላፊውን በግራ ከፍ አድርገው፣ ጀሪካኑን በቀኝ ዝቅ አድርገው ያስቀምጡ። ፊደላችንን ከግራ ወደ ቀኝ ስለምናነብ ሥዕልንም በዚያው መንገድ እናየዋለን፤ መልሱ በግራ ከተቀመጠ ነገሩ ሳይጀመር ያልቃል።

ከዚያ በእርሳስ፣ ቀጥሎም በቀለም። ቀለም ሲጀምሩ ከዋናው ሰው እጅና ፊት ይነሱ፤ እሱ ከተበላሸ የጀርባውን ወንበር ሁሉ ስለው ከመጨረስዎ በፊት ይታወቃል። በጋዜጣው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት የሚይዝ ሥዕል 22.5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ተኩል እጥፍ አድርገው ይሳሉ። ከዚያ በላይ ካሳደጉት ሲያንስ ዝርዝሩ ይታፈናል፤ በልኩ ከሳሉት ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጡ ሳይደበቅ ይወጣል።

የታወቀ ሰውን መልክ አጋንኜ ስስል ለምን አይመስልም?

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁሉንም ነገር እኩል ማጋነን ነው። አፍንጫውም፣ ጆሮውም፣ አገጩም ከተጎተተ የሚቀረው ሌላ ሰው ነው። የሰውን መልክ የሚሸከሙት ሁለት ወይም ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የጭንቅላቱ ጠቅላላ ቅርጽ፣ በዓይንና በአፍ መካከል ያለው ርቀት፣ የፀጉሩ ወይም የመነጽሩ መስመር። ከሃያ እርምጃ ርቀት ሰውየውን በምን ለዩት? እሱን ያጋንኑ፤ ሌላውን እንዳለ ይተዉት።

ጥሩ ልምምድ አለ። ሻርል ፊሊፖን የሚባል የፈረንሳይ አሳታሚ በ1831 ችሎት ፊት ቆሞ የንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ፊት በአራት ደረጃ ወደ ፒር ፍሬ ሲለወጥ ስሎ አሳየ፤ መከራከሪያው፣ የመጀመሪያው ሥዕል ወንጀል ካልሆነ አራተኛው በየት በኩል ወንጀል ይሆናል የሚል ነበር። አንድ የሚያውቁትን ሰው በዚህ መንገድ በአራት ደረጃ ይሳሉት፤ ሰውዬው የሚጠፋው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ያያሉ። ከዚያ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው። መመሳሰል ምን ያህል ኃይል እንዳለው የአሜሪካዊው ካርቱኒስት የቶማስ ናስት ታሪክ ይነግረናል፦ የኒው ዮርኩ የፖለቲካ አለቃ ዊልያም ትዊድ ከእስር አምልጦ በ1876 ስፔን ሲያዝ የተለየው ናስት በሳለው ካርቱን ነው።

ጽሑፍ ምን ያህል ይኑረው? በእጅ ልጻፍ ወይስ በኮምፒውተር?

ከአሥር ቃል ካለፈ ሥዕሉ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። የእኛ አንባቢ ሰምና ወርቅ እየፈታ ያደገ ነው፤ ወርቁን ከሥር ጽፎ ማስረዳት እሱን መናቅ ይሆናል። ምሳሌያዊ አነጋገር መጠቀም ከፈለጉ ተረቱን ይሳሉት እንጂ አይጻፉት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለውን አንባቢው ራሱ በአፉ እንዲጨርሰው ማድረግ ይሻላል።

በእጅ መጻፍ ከሥዕሉ መስመር ጋር ስለሚስማማ ይመረጣል፤ ነገር ግን ፊደላችን ሲያንስ ይደፈናል። የ«ሌ»ና የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ሲሞላ «ሊ»ና «ቢ» ይመስላል። በታተመው ጋዜጣ ላይ የፊደሉ ቁመት ከ3 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ አንድ ተኩል እጥፍ አድርገው ከሳሉ ወረቀትዎ ላይ 4.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቀለበቶቹን ሆን ብለው ሰፋ ያድርጉ። መጀመሪያ ጽሑፉን ጽፈው ከዚያ ክፈፉን ይሥሩ፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት ተጣበው ይታያሉ።

ወረቀት ላይ ያማረው ሥዕል ጋዜጣ ላይ ጠቁሮ ወይም መስመሩ ጠፍቶ የሚወጣው ለምንድን ነው?

የጋዜጣ ወረቀት ክብደቱ 45 ግራም አካባቢ፣ ቀለም የሚጠጣ ወረቀት ነው። በኮምፒውተር 50 በመቶ ግራጫ ያደረጉት ቦታ ነጥቦቹ እየሰፉ 75 በመቶ አካባቢ ሆኖ ይታተማል። ስለዚህ ግራጫ ከፈለጉ ሦስት ደረጃ ይበቃል፤ 15፣ 30 እና 50 በመቶ። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው ብለው ያስቡ። ቀጭን መስመር ደግሞ በተቃራኒው ይጠፋል፤ በ0.1 እስክሪብቶ የተሳለ መስመር በአንድ ተኩል ሲያንስ 0.07 ሚሊ ሜትር ይሆንና ይቆራረጣል። ከ0.3 በታች አይጠቀሙ።

ሌላው ጥፋት የሚፈጠረው ሲቃኝና ሲላክ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት «ስካን አድርግልኝ» ብለው ዝም ካሉ በኢንች 200 ነጥብ (ዲፒአይ) ፒዲኤፍ ይሰጡዎታል። 600 ነጥብ፣ በቲፍ ወይም በፒኤንጂ ይበሉ። ያ ፋይል በስፋቱ ከ5,000 በላይ ነጥብ አለው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላኩት ግን ብዙ ጊዜ ወደ 1,280 ነጥብ ይወርዳል፤ በ15 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ የጥቁሩ መስመር ጠርዝ ይሸራረፋል። እንደ ፋይል አያይዘው ይላኩ። ሥዕሉ ባለ ቀለም ከሆነ ጽሑፉን በጥቁር ቀለም ብቻ ያድርጉት፤ አራቱ ቀለማት በማተሚያው ላይ በጥቂቱ ሲንሸራተቱ መጀመሪያ የሚጎዳው ፊደል ነው።

የራሴ ቋሚ ገጸ ባሕርይ ቢኖረኝ ይጠቅመኛል?

በጣም። ፍልስጤማዊው ካርቱኒስት ናጂ አል-አሊ በ1969 የፈጠረው ሐንዳላ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጀርባውን ለተመልካች የሰጠ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ከሠዓሊው ሞት በኋላም ይኖራል። ገጸ ባሕርዩ የአንባቢው ወኪል ነው፤ በክፈፉ ጥግ ቆሞ ያያል፣ አልፎ አልፎ አንዲት ቃል ይናገራል። ለደሴ ሰው የሚቀርቡት ብዙ ናቸው፦ ፒያሳ ላይ ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ፣ ጀበናዋን ይዛ ሁሉን የምትሰማ ቡና አፍይ፣ በሐረጎ ጥምዝ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የሚኒባስ ረዳት።

ሥጋቱ አንድ ነው። ገጸ ባሕርዩ የእርስዎን አስተያየት የሚሰብክ አፈ ቀላጤ ከሆነ ሥዕሉ ይደርቃል። በአምስት ሥዕል አንዴ ቢናገር ይበቃዋል።

የመጀመሪያ ሥራ እንዴት ይገኛል?

አሥራ ሁለት ያለቁ ካርቱኖች ያዘጋጁ፤ አምስቱ ባለፈው አንድ ወር ዜና ላይ፣ አራቱ በሚያድሩ ጉዳዮች ላይ፣ ሦስቱ ደግሞ ጽሑፍ የሌላቸው። ሠላሳ አይላኩ፤ አዘጋጅ የሚያስታውሰው ደካማውን ነው። ከዚያ ያነሱ ቢሆኑ ደግሞ በየሳምንቱ መድረስዎን አያምንም። በእያንዳንዱ ሥር የተሳለበትን ቀን ይጻፉ፤ ዜናው በወጣ በሁለተኛው ቀን መሥራትዎ ከሥዕሉ ውበት እኩል ይታያል።

ለሚያመለክቱበት ጋዜጣ ለአራት ተከታታይ ሳምንታት፣ ገጹ ከመዘጋቱ በፊት፣ ሳይጠየቁ አንድ አንድ ሥዕል መላክ የሚያዋጣ መንገድ ነው። አብዛኛው ጀማሪ በሁለተኛው ሳምንት ዝም ይላል። ባይታተምም ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ከማውጣትዎ በፊት መልስ ይጠብቁ፤ አስቀድሞ የተሰራጨን ሥዕል የሚያትም ጋዜጣ ጥቂት ነው።

ገቢው ያኖራል? የሥዕሉስ ባለቤት ማን ነው?

በካርቱን ብቻ መኖር ከባድ ነው፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። አብዛኛው ሰው በሥዕል ልክ ይከፈለውና ኑሮውን በመጽሐፍ ሥዕል፣ በማስታወቂያ ንድፍ ወይም በማስተማር ይደጉማል። ክፍያው በወር ነው ወይስ በሥዕል፣ የታተመው ብቻ ነው የሚከፈለው ወይስ የቀረበው ሁሉ፣ ይህን በጽሑፍ ይያዙ። «የቀረበው ሁሉ» የሚለውን ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ቢያንስ ለተመለሰ ሥዕል ግማሽ ክፍያ ይጠይቁ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አስቀድመው ቢያወጡ ክፍያው አይዘገይም።

በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ስለዚህ ሥራዎችዎን ወደፊት በመጽሐፍ ማሳተም ከፈለጉ ውሉ ላይ አንዲት መስመር ማስገባት ያስፈልጋል፦ ጋዜጣው ለአንድ ጊዜ የማተም ፈቃድ አለው፣ ቀሪው መብት የሠዓሊው ነው። ስምዎ እንዲጠቀስና ሥዕሉ እንዳይዛባ የመጠየቅ የሞራል መብት ግን ከእርስዎ ጋር ይቆያል። ኬንያ ውስጥ ከ1992 ጀምሮ በዴይሊ ኔሽን የሠራው ታንዛኒያዊው ካርቱኒስት ጋዶ በ2016 ውሉ ሳይታደስለት ቀርቷል፤ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የሥራ ማህደርና የመብት ወረቀት በእጁ ያለው ሰው ባዶ እጁን አይወጣም።

ዋናውን ወረቀት ለማንም አይስጡ፤ ፋይሉንም በሁለት ከተማ ያስቀምጡ። የደሴ ሙዚየም እንኳ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል፤ በአንድ ቤት አንድ ሳጥን ውስጥ ያለ የዕድሜ ልክ ሥራ ዋስትና የለውም።

አዘጋጁ ሥዕሌን ቢመልስብኝ ወይም ቀይር ቢለኝ?

የተመለሰበትን ምክንያት ይለዩ። «አልገባኝም» ካለ ትክክል ነው፤ አይከራከሩ፣ ያስተካክሉ። የስም፣ የማዕረግ ወይም የቁጥር ስሕተት ካለም እንዲሁ። ካርቱን ማጋነን ይፈቀድለታል እንጂ መሳሳት አይፈቀድለትም። ባለሥልጣኑ ያላለውን ቃል በትምህርተ ጥቅስ አፉ ውስጥ መክተት ከሁሉ የከፋው ነው። ታትሞ ከተገኘ በሚቀጥለው ዕትም እርማት እንዲወጣ ራስዎ ይጠይቁ።

«አቋምህን ቀይር» ከተባሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አዘጋጁ አለማተም መብቱ ነው፤ እርስዎም የማያምኑበትን አለመሳል መብትዎ ነው። መስማሚያው ሌላ ሥዕል ማቅረብ ነው፤ ለዚህም ነው ሁለተኛው ሥዕል ሁልጊዜ ዝግጁ መሆን ያለበት። ሥዕልዎ ሳይነገርዎ ተቆርጦ ወይም ጽሑፉ ተለውጦ ከወጣ በዕለቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ባለሥልጣንን ሳላስፈቅድ መሳል በሕግ ያስጠይቀኛል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን «በሥነ ጥበብ መልክ» መግለጽን በስም ጠቅሶ ይጠብቃል፤ ክብርና መልካም ስምን ለመጠበቅ ገደብ ሊኖር እንደሚችልም እዚያው ያስቀምጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማውጣትን ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ ሰውዬው በያዘው የሕዝብ ሥልጣን ወይም በታዋቂነቱ ምክንያት ፈቃድ የማያስፈልግበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። በተግባር ሲተረጎም፦ ከንቲባን በከንቲባነቱ መሳል ይቻላል፤ የከንቲባውን ልጅ ወይም ጎረቤት አይቻልም። ወረፋ ላይ የቆመን ተራ ሰው ሲስሉም መልኩ የሚታወቅ ሰው አያድርጉት።

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሥዕልንም ይመለከታል። ለሥነ ጥበብ ፈጠራ ልዩ ሁኔታ አለው፤ ነገር ግን በዚህ ተመክቶ አንድን ሕዝብ የሚያንቋሽሽ ነገር መሳል ሞኝነት ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ 1238/2013 ደግሞ ስሙ ለተነካ ሰው መልስ የመስጠት መብት ይሰጠዋል። ከመላክዎ በፊት ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ይህ ሰው ሥልጣኑን ቢለቅ ሥዕሉ ትርጉም ይኖረዋል? ካለው የሳሉት ሥራውን ሳይሆን ሰውየውን ነው።

ብሔርና ሃይማኖት የሚነካ ጉዳይ ሲመጣ ምን ላድርግ?

ጉዳዩን መሸሽ አያስፈልግም፤ ምልክቱን መጠንቀቅ ነው። መስቀል፣ ጨረቃና ኮከብ፣ ጥምጥም፣ ሂጃብ «የዚህ ወገን ሰው» ለማለት ብቻ ከገቡ ያውጧቸው። ሙስናን በጅብ መሳል ይቻላል፤ ሕዝብን ወይም የሕዝብ ወኪል የሆነን ሰው በእንስሳ መሳል ግን ሌላ በር ይከፍታል፤ ያንን በር ከከፈቱ በኋላ መዝጋት የእርስዎ አቅም አይደለም።

ወሎ ውስጥ ያለ ሠዓሊ በተለይ የሚያየው ነገር አለ። «ሕዝብ» ብለው በሳሉት ሰልፍ ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ከለበሰ፣ ያልተሳለው ወገን «እኔስ?» ይላል። ደሴ ውስጥ አንድ ቤት ቡና ሲጠራ የሚሰበሰበው ጎረቤት ነጠላ የለበሰውም ኮፊያ የደፋውም ነው፤ ሰልፍዎም እንደዚያ ይሁን፣ ማንም ሳይለየው። ሥዕሉን ከመላክዎ በፊት ከተለያየ ወገን ለሆኑ ሦስት ሰዎች ለየብቻ ያሳዩ። «ገባህ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም ገባኝ ይላል። «ምን ታያለህ?» ይበሉ። ከሦስቱ አንዱ እርስዎ ያላሰቡትን ስድብ ካየ፣ ሺሕ አንባቢ ውስጥ የሚያየው ብዙ ነው።

የጋዜጣ ዘመን አልፏል፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ሥዕል ይሠራል ይባላል። ሙያው ይቀጥላል?

ቦታው ጠቧል። ኒው ዮርክ ታይምስ እንኳ በ2019 ከዓለም አቀፍ ዕትሙ ላይ የፖለቲካ ካርቱንን አንስቷል። ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው ግን ካርቱን ከጽሑፍ በላይ ይቀባበላል፤ ስለዚህ ሥዕልዎን በአውራ ጣት መጠን አሳንሰው መነበቡን ያረጋግጡ። ማሽኑ ምስል ይሠራል። የሚያመጣልዎ ግን ያንኑ የሸረሪት ድር ያደራበት ቧንቧ፣ የሁሉንም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ለሠራውም ችሎት ቀርቦ አይመልስም።

ሥራው አደጋ አለው፤ በብዕር ስም ብሠራስ?

አደጋው እውነት ነው። ናጂ አል-አሊ በ1987 ለንደን ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞቷል። ሶሪያዊው አሊ ፈርዛት በ2011 ደማስቆ ውስጥ ተይዞ እጆቹ ተሰብረዋል። ጃንዋሪ 7 ቀን 2015 በፓሪሱ የስላቅ ጋዜጣ ሻርሊ ኤብዶ ላይ በደረሰው ጥቃት ከተገደሉት 12 ሰዎች መካከል ካርቱኒስቶች ነበሩ። ማንም ሰው ማንንም «ድፍረት ይኑርህ» ብሎ ወደዚህ ሥራ መግፋት የለበትም። ዛቻ ከመጣ መልእክቱን አያጥፉ፤ ከነቀኑ ቅጂ ይያዙ፣ ለአዘጋጁና ለአንድ የሚያምኑት ጠበቃ ያሳውቁ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ መልስ አይስጡ።

የብዕር ስም ያግዛል፤ ግን የሚከላከለው ከሩቅ ሰው ነው። ደሴን በምታህል ከተማ መስመርዎ ፊርማዎ ነው፤ ለጎረቤት ልጅ የሳሉት የልደት ካርድና ጋዜጣው ላይ ያለው ሥዕል አንድ ዓይነት እጅ ካላቸው በአንድ ወር ውስጥ ይታወቃል። በብዕር ስም የሚሠራ ሰው በራሱ ስም ሌላ ሥዕል አያወጣም፣ ገጸ ባሕርያቱንም ከሰፈሩ ሰው አይወስድም፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይም ፋይሉን አጥፍቶ ይወጣል። አዘጋጁና ሒሳብ ክፍሉ ግን እውነተኛ ስምዎን ማወቅ አለባቸው፤ አለበለዚያ ክፍያም ውልም የለም። ውሉ ላይ ሁለቱንም ስሞች ጎን ለጎን አስጽፈው አንዱን ቅጂ ከእርስዎ ቤት ውጭ ያስቀምጡ።